የአያቴ ሳንዱቅ፦ 760 አልሞላ ያለው «ሰዓት» እና አብረውት የወጡት መጻሕፍት

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) ቅዳሜ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ ሳነብ እንጂ ስጽፍ አታውቁኝም፤ አሁን ግን ግራ ቢገባኝ ነው የመጣሁት።

የአባቴ አባት ካረፉ ዓመት ሆናቸው። ሰደቃቸውን ካወጣን በኋላ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለው ቤታቸው ሲጸዳ ከአልጋቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳንዱቅ ወጣ። ቁልፉን የሚያውቅ ስለጠፋ ሰበርነው። ልብስ ወይም ብር ጠብቀን ነበር። የወጣው ግን በቆዳ ማኅደር ያለ የብራና ዳዊት (አንዱ ገበታው፣ ማለትም የእንጨት ሽፋኑ፣ የለም)፣ በዐረብኛ የተጻፈ የወረቀት ኪታብ፣ ሽፋኑ የተቀደደ የጣልያን መጽሐፍ፣ የአያቴ የዱቤ ደብተር፣ እና አንድ የስኒ ማስቀመጫ ሳህን የሚያህል ክብ የናስ ዕቃ ነው። ሰዓት ይመስላል፤ ግን ያለው አንድ ቀስት ብቻ ነው። በውስጠኛው ክብ ላይ ከ520 እስከ 790፣ በውጭኛው ላይ ከ0 እስከ 3000 ተጽፎበታል። መሃሉ ላይ በላቲን ፊደል «ፊሎቴክኒካ ሳልሞይራጊ፣ ሚላኖ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ «ኮምፔንሳቶ»።

ፒያሳ ወደሚገኝ ሰዓት ሠሪ ወሰድኩት። «ባሮሜትር ነው፤ ትክክለኛው 760 ነው፤ ይኼ 567 ይላል፤ ሞቷል» አለኝና በጀርባው ባለች ቀዳዳ ካቻቢቴ ሰዶ ማዞር ጀመረ። 590 ሲደርስ ፈራሁና ነጠቅኩት። የስልኬ የአየር ሁኔታ ገጽ ደግሞ 1016 ይላል። እሱስ ምንድን ነው?

አሁን የአጎቴ ልጅ ናሱን በሎሚና በአመድ ልፈትገው ይላል። አክስቴ ዳዊቱን በስኮች ልለጥፈው ትላለች። አንድ ሰው ደግሞ ሁሉንም በጅምላ 18 ሺህ ብር ልግዛህ ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ናስ_ወዳጅ (ኮምቦልቻ) ቅዳሜ፣ ማታ 2፡58

ሎሚውን አስቀምጥ። አመዱን ድፋ። ካቻቢቴውን ደብቅ። እራት በልቼ እመለሳለሁ።

መርካቶ_ሰብሳቢ (አዲስ አበባ) ቅዳሜ፣ ማታ 3፡10

ወንድም፣ የዳዊቱን ፎቶ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ሥዕል አለው? የሐረግ ጌጥ አለው? ከ18 ሺህ በላይ እንነጋገራለን።

አወያይ ቅዳሜ፣ ማታ 3፡14

በዚህ ክፍል በውስጥ መስመር ዋጋ መነጋገር እንደማይፈቀድ ይታወቃል። ሁሉም እዚሁ፣ በግልጽ።

ናስ_ወዳጅ (ኮምቦልቻ) ቅዳሜ፣ ማታ 4፡05

እሺ ልጄ፣ በል አሁን ተቀመጥና ስማኝ።

ዕቃህ አልሞተም። ሰዓት ሠሪውም ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። 760 የሚባለው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ምጽዋ ወይም አሰብ ወደብ ላይ ቆመህ ብትለካ 760 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለህ። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ የሚጫነንም ያንሳል። ደሴ ላይ 567 ማለት ጤነኛ ቁጥር ነው። ደሴ ላይ 760 የሚል ባሮሜትር ቢኖር ያ ነው የሞተው።

የስልክህ 1016 የተለየ ጉዳይ ነው። የአየር ሁኔታ ገጾች ግፊቱን «ባሕር ወለል ላይ ብንሆን ኖሮ ስንት ይሆን ነበር» ብለው አስልተው ነው የሚያሳዩት፤ እንዲያ ካልተደረገ የደሴንና የአዋሽን አየር በአንድ ካርታ ላይ ማወዳደር አይቻልም። መለኪያውም ሌላ ነው፤ እሱ ሄክቶፓስካል ነው፣ ያንተ የሜርኩሪ ሚሊ ሜትር ነው። ሄክቶፓስካሉን በ0.75 ስታባዛው ወደ ሚሊ ሜትር ይመጣልሃል።

አሁን ስለ ዕቃው። አኔሮይድ ይባላል፤ ፈሳሽ የሌለው ማለት ነው። ሉሲየን ቪዲ የሚባል ፈረንሳዊ በ1844 እ.ኤ.አ. ነው ያስመዘገበው። ውስጡ ሜርኩሪ የለም፣ ስለዚህ አትፍራ። አየሩ የተመጠጠለት፣ ገጹ እንደ ውሃ ሞገድ የተሸበሸበ ስስ የብረት ቆርቆሮ አለ። አየሩ ሲከብድ ይጨመቃል፣ ሲቀል ይነፋል። ያቺ የጸጉር ያህል እንቅስቃሴ በዘንግና በቀጭን ሰንሰለት ተባዝታ ቀስቱን ታዞራለች። «ኮምፔንሳቶ» ያለው ለሙቀትና ለብርድ ማካካሻ ተደርጎለታል ለማለት ነው። የውጭኛው ክብ 0 እስከ 3000 ደግሞ ከፍታ በሜትር ነው። ያንተ የሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ «ዝናብ፣ ፀሐይ» የሚል ጌጥ አይደለም፤ የቀያሽ ዕቃ ነው። የሳሎኑ ዓይነት አብዛኛው ከ710 በታች ቁጥር የለውም፤ ወሎ ደጋ ላይ ቀስቱ «ማዕበል» ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። በጣልያን ጊዜ የገቡ እንዲህ ያሉ ሁለት አይቻለሁ፤ ባለቤቶቻቸው ዕድሜ ልካቸውን ማዕበል ሲጠብቁ ኖረዋል።

ፊሎቴክኒካን ሚላኖ ላይ በ1865 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ኢኛሲዮ ፖሮ ነው፤ ባይኖኩላር ውስጥ ያለውን ፕሪዝም ያሰበው ሰውዬ። በኋላ ሳልሞይራጊ ያዘው። ቴዎዶላይታቸውን (ማዕዘን የሚለካውን የቀያሽ መሣሪያ) ወጣት ሳለሁ ተሸክሜዋለሁ፣ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ናሱን አትፈትግ። በላዩ ያለው ቢጫ ብልጭታ ፋብሪካው የቀባው ቫርኒሽ ነው። ሎሚና አመድ ሲነካው እሱ ይነሣል፤ ከዚያ ናሱ በየወሩ ይጠቁርብሃል፣ የተቀረጸው ጽሑፍም እየደከመ ይሄዳል። ሰብሳቢ የሚባለው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። ደረቅ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

ለመሆኑ ሰዓት ሠሪው ሳይነካው በፊት 567 ማለቱን በምን አወቅህ?

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) ቅዳሜ፣ ማታ 4፡20

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት። ሳንዱቁ በተከፈተ ዕለት ፎቶ አንስቼዋለሁ። 567 ላይ ነው፣ በግልጽ ይታያል።

ናስ_ወዳጅ (ኮምቦልቻ) ቅዳሜ፣ ማታ 4፡22

እንግዲያው ግማሹ ችግር ተፈቷል። ፎቶዋን እንዳታጠፋት።

አምባሰልዋ (ደሴ) እሑድ፣ ጠዋት 3፡30

እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ በዕቃው ሳይሆን በሳንዱቁ ልጀምር። እባክህ ወንድሜ፣ ምንም ነገር ከቦታው ሳታንቀሳቅስ እያንዳንዱን ፎቶ አንሣ። ከላይ የነበረው የቱ ነው? ከሥር የነበረውስ? በመጽሐፍ መሃል የተገኘ ወረቀት ካለ በየትኛው ገጽ ነበር? ይህ የቢሮ ሰው አመል እንዳይመስልህ። በ2014 ከደሴ ስንወጣ አንድ ቦርሳ ብቻ ይዤ ነው የወጣሁት። ስመለስ መጻሕፍቴ ወለሉ ላይ ተበትነው፣ የረገጣቸውም ረግጧቸው ነበር። የትኛው እንደጠፋ ያወቅሁት ከዚያ በፊት ለጓደኛዬ ለማሳየት ብዬ መደርደሪያዬን በስልክ አንስቼው ስለነበር ብቻ ነው። ፎቶ ያላነሳሁት መደርደሪያ ላይ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

የጣልያኑን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላክልን። ከታች ከዓመተ ምሕረቱ ጎን የሮማ ቁጥር አለ?

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) እሑድ፣ ጠዋት 4፡10

አለ። 1937 ይልና ከጎኑ አሥራ አምስት በሮማ ቁጥር።

አምባሰልዋ (ደሴ) እሑድ፣ ጠዋት 4፡25

ፋሺስቶች የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነበራቸው፤ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። አሥራ አምስተኛው ዓመት ከጥቅምት 1936 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1937 ማለት ነው። ደሴ በሚያዝያ 1936 እ.ኤ.አ. ከተያዘች ብዙም ሳይቆይ የታተመ ነው እንግዲህ። በዚያ ጊዜ ብዙ ስለታተመ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ በራሱ ብርቅ አይደለም፤ ሮም አደባባይ ላይ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ይገኛል። ሰኞ ገበያ ከነበረ ሰው ሳንዱቅ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። ኅዳጉ ላይ የእጅ ጽሑፍ ካለ እርሳስም ቢሆን እንዳታጠፋው።

ሌላ ጥያቄ። አትቆጣኝ እንጂ፣ ባሮሜትሩ አያትህ ጋ እንዴት መጣ?

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) እሑድ፣ ጠዋት 4፡40

ኧረ አልቆጣም። አያቴ በጉልምስናቸው መንገድ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ለቀያሾች መለኪያውን እንጨት ይዘው ይቆሙ ነበር። አክስቴ የምትለው፣ ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀረ አንድ ጣልያን መካኒክ ለሠሩለት ሥራ በገንዘብ ፈንታ ሰጣቸው ነው። ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም 14 የሚል ቁጥር አለ።

አምባሰልዋ (ደሴ) እሑድ፣ ጠዋት 4፡52

የመሥሪያ ቤት ንብረት ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እንዳትፍቀው። በማስታወሻህ ላይ «አክስቴ እንደነገረችኝ» ብለህ ጻፈው፣ «መካኒኩ ሰጣቸው» ብለህ አትጻፍ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

ብራና_ፋቂ (ሐይቅ) እሑድ፣ ቀን 7፡15

ከቅዳሴ ወጥቼ ነው የማየው። አክስትህን በሥላሴ ስም ለምንልኝ፣ ስኮቹን ታስቀምጠው። ስኮች ሲደርቅ ሙጫው ብራናው ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል፤ ሊነቀል ሲሞከር ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ፌስታል ውስጥም አታስገቡት። የደሴን ጉም እናውቀዋለን፤ ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ሻጋታ ያበቅላል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ነውር ነው። ብራና ቆዳ ነው፤ ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ይጠቀለላል፣ ወደ ቦታው አይመለስም። ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ይጠቅለልበት፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ፣ አይጥ የማይደርስበት ቦታ። በወር አንዴ ተከፍቶ ይናፈስ። አባቶቻችን በማኅደር አድርገው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ለጌጥ አልነበረም።

የጎደለውን ገበታ አናጢ እንዲሠራው አትቸኩሉ። ጥራዞቹን የያዘው ክር ካልተበጠሰ እንዳለ ይቆይ።

እና አንድ ነገር፦ መጨረሻ ያሉትን ባዶ ቅጠሎች አየሃቸው? ባለቤቶቹ ማስታወሻ የሚጽፉት እዚያ ነው። የልጅ መወለጃ፣ የመሬት ጉዳይ፣ ዳዊቱ በስንት ብር እንደተገዛ።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) እሑድ፣ ማታ 1፡05

አይቼዋለሁ። የመጨረሻው ቅጠል ላይ የወራት ስም ከላይ ወደ ታች፣ ከጎናቸው በግዕዝ ቁጥር ተደርድሯል። ጽሑፉ ከዳዊቱ ጽሑፍ የተለየ፣ ቸኮል ያለ እጅ ነው። ፎቶው ይኸው።

ብራና_ፋቂ (ሐይቅ) እሑድ፣ ማታ 1፡30

እልልል! ናስ_ወዳጅ ጋሼ፣ ይምጡና ይዩ። የሳይንስ መሣሪያ ማለት የፈረንጅ ናስ ብቻ ይመስልዎት ነበር።

ይህ የጥላ ሰንጠረዥ ነው። ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ የራሱን ጥላ በራሱ ጫማ ይሰፍራል። ሰንጠረዡ በየወሩ ጥላው ስንት ጫማ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግረዋል። ረጅም ሰው ጥላው ይረዝማል፣ ግን እግሩም ይረዝማል፣ ስለዚህ ሂሳቡ ለሁሉም ይሠራል። ለጸሎት ሰዓት፣ ለጾም መፍቻ ይጠቀሙበት ነበር። ናስ አያስፈልገውም፣ ካቻቢቴም አያበላሸውም።

ናስ_ወዳጅ (ኮምቦልቻ) እሑድ፣ ማታ 1፡41

ተረትቻለሁ። ደመና ሲሆን ግን ባሮሜትሬ ይሠራል።

ደረሳ (ደሴ) እሑድ፣ ማታ 2፡20

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ኪታቡ ማንም አልጠየቀም እኮ! ሁለት ገጽ አንስተህ ላክልኝ፣ ከመጀመሪያውና ከመሃሉ።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) እሑድ፣ ማታ 2፡35

ወዐለይኩም ሰላም። ልኬአለሁ። እኔ ቁርኣን ቤት ትንሽ ገብቼ ስለነበር ፊደሉን አውቃለሁ፣ ግን ሳነበው ትርጉም አልሰጥ አለኝ።

ደረሳ (ደሴ) እሑድ፣ ማታ 3፡15

አብሽር ወንድሜ፣ ትርጉም ያልሰጠህ ዐረብኛ ነው ብለህ ስላነበብከው ነው። መጀመሪያው ቢስሚላህና ምስጋናው ዐረብኛ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን አማርኛ ነው! በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፤ እኛ ዐጀም እንለዋለን። ዐረብኛ ውስጥ የሌሉትን እንደ ጨ እና ኘ ያሉ ድምፆች ጸሐፊዎቹ በነባሩ ፊደል ላይ ነጥብ እየጨመሩ ነው የሚጽፏቸው፤ ለዚህ ነው እንግዳ የሆነብህ። መሃሉ ላይ የላክኸው መንዙማ ነው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው፣ በዓይንህ አታንብበው።

እንዲህ መጻፍ የወሎ ሊቃውንት ባህል ነው። እነ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር በዐጀም የጻፉት ግጥም እስከ ዛሬ በየሐድራው፣ በዱዓና በመንዙማ ስብሰባው፣ ይባላል። ገጣ፣ ዳና፣ ጀማ ንጉሥ ብትሄድ እንዲህ ያሉ ኪታቦች በየቤቱ በጨርቅ ተጠቅልለው አሉ። ወረቀቱ ቀለሙ የበላው ቦታ ካለ በጣትህ አትንካው፣ ይሰነጠቃል።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) እሑድ፣ ማታ 4፡02

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ አክስቴ ከጓዳ ሆና ቀጠለችልኝ። አያቴ ከብት ሲያስገቡ የሚያንጎራጉሩት ነበር። እኛ ቃሉን እንጂ ጽሑፍ እንዳለው አናውቅም ነበር።

መርካቶ_ሰብሳቢ (አዲስ አበባ) ሰኞ፣ ጠዋት 2፡50

ደስ ይላል። ግን እውነቱን እንነጋገር። ከእናንተ ውስጥ ስንቱ ይህንን ሳንዱቅ ለሃያ ዓመት በሥርዓት ያኖረዋል? እኔ መጻሕፍት የበርበሬ መጠቅለያ ሊሆኑ ሲሉ ከሱቅ ጠረጴዛ ላይ አንስቼ አውቃለሁ። ልጆቹ ተካፍለው አንዱ ዳዊቱን፣ አንዱ ባሮሜትሩን ይወስዳል፤ በሦስተኛው ዓመት አንዱም አይገኝም። ገዢን እንደ ሌባ ማየት ቀላል ነው። ሰብሳቢ ባይኖር ግማሹ ዛሬ አይኖርም ነበር።

ብራና_ፋቂ (ሐይቅ) ሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

የመጀመሪያ ጥያቄህ «ሥዕል አለው?» ነበር። ለምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ ሥዕል ያለው ቅጠል ተነጥሎ ስለሚሸጥ ነው። ቅጠል በቅጠል የተሸጠ መጽሐፍ ተረፈ አይባልም።

እኛ ወሎዬዎች ነን፣ መቅደላ እዚሁ ነው። በሚያዝያ 1860 እንግሊዞቹ የቴዎድሮስን ግምጃ ቤት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጡት። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሰው ቆሞ ይጫረት ነበር። ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ዛሬ ለንደን ናቸው። በደንብ ተይዘዋል፣ አልክድም። ግን የሐይቅ እስጢፋኖስን የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ተመልከት። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ነው፤ ማንም ሰብሳቢ ሳይገዛው ነው የቆየው።

ናስ_ወዳጅ (ኮምቦልቻ) ሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

ሁለታችሁም አትጋጩ። አንቷን ዳባዲ የሚባለውን ፈረንሳዊ አንዳንድ ጊዜ አስበዋለሁ። ከ1838 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ቴዎዶላይት ተሸክሞ አገራችንን ዞሯል፤ ከተራራ ተራራ ማዕዘን እየለካ። እግረ መንገዱን ብራና ገዝቷል፣ አስገልብጧልም፤ 234 ናቸው፣ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። መሣሪያውን ስለማውቅ የደከመበትን ድካም አደንቃለሁ፤ ጦሳ አናት ላይ ንፋስ እየገፋህ የማዕዘን ደቂቃ ማንበብ ቀልድ አይደለም።

ብራና_ፋቂ (ሐይቅ) ሰኞ፣ ጠዋት 4፡06

ተራራችንን ለክቶ መጽሐፋችንን ይዞ ሄደ ማለት ነው።

አምባሰልዋ (ደሴ) ሰኞ፣ ጠዋት 4፡30

ሰብሳቢው ያለው ስለ መካፈል ትክክል ነው፤ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ስለ መሸጥ ግን ሕግም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ በእጅህ ያለውም ይመዘገባል። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ሄደህ ዳዊቱንና ኪታቡን አስመዝግብ። መመዝገብ ማለት መነጠቅ አይደለም፣ አክስትህን እንዳትፈራ ንገራት።

የመካፈሉን ነገር ደግሞ አሁን፣ ሁሉም ቤተሰብ በሐዘን ልቡ ሳለ ተነጋገሩበት። አንድ ሳንዱቅ፣ አንድ ጠባቂ። ሌሎቻችሁ ሙሉ ፎቶ ውሰዱ።

በነገራችን ላይ የዱቤ ደብተሩን ማንም አላየውም። አንድ ገጽ?

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) ሰኞ፣ ማታ 1፡50

እሱ እንኳ ምንም የለውም፣ የሰው ስምም የለበትም። የቦታ ስም፣ ከዚያ «4» እና «10» የሚል፣ ከዚያ ቁጥር። የመጀመሪያው ገጽ ጥቅምት 1949 ይላል። ከእያንዳንዱ ቦታ ማን ስንት እንደተበደረ መሰለን። ይኸው፦

ደሴ፣ 4፣ 568። ደሴ፣ 10፣ 566።
ኮምቦልቻ፣ 4፣ 612 ተኩል። ኮምቦልቻ፣ 10፣ 610 ተኩል።

እንዲህ እያለ አርባ ገጽ ያህል ይሄዳል።

ናስ_ወዳጅ (ኮምቦልቻ) ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ልጄ፣ ይህ ዱቤ አይደለም።

መነጽሬን ሁለቴ ጠርጌ ነው ያየሁት። 568 ደሴ ነው፣ 612 ኮምቦልቻ። አያትህ ባሮሜትሩን ያነቡ ነበር! «4» እና «10» ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት። ለምን ሁለት ጊዜ ብትለኝ፣ በእኛ አገር የአየር ግፊት በየቀኑ እንደ ባሕር ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጫፍ ይደርሳል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በእኛ ከፍታ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ 14 ሜትር ይተረጎማል፤ ስለዚህ ሰዓቱን የማያውቅ ቀያሽ ከፍታውን በ30 ሜትር ገደማ ይሳሳታል። ይህንን የሚያውቅ ሰው ነው ሁለት ጊዜ የሚጽፈው። እንጨት ይዞ የሚቆም ሰው ይህንን እንዲያውቅ ማንም አያዘውም። አያትህ ከቀያሾቹ ሰርቀው ተምረዋል።

መርካቶ_ሰብሳቢ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ አንተ 18 ሺህ ብለህ ቢሆን ኖሮ ይህንን ደብተር እንደ መጠቅለያ ነበር የምትቀበለው። ባሮሜትሩ ዓይነቱ በሌላም ቦታ ይገኛል። ባሮሜትሩ ከደብተሩ ጋር ግን የትም የለም።

መርካቶ_ሰብሳቢ (አዲስ አበባ) ሰኞ፣ ማታ 2፡40

18 ሺህ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ሰው ነው። ደብተሩን ግን እውነት ነው፣ አላየውም ነበር። ልጁ አይሽጠው። ብራና_ፋቂ፣ ስለ ሥዕሉም ገብቶኛል።

የኮምቦልቻው (ኮምቦልቻ) ሰኞ፣ ማታ 3፡00

የእኔ ስልክ የግፊት መለኪያ ሴንሰር አለው፤ ተራራ ስወጣ እጠቀምበታለሁ። ወደ ባሕር ወለል ያልተሰላውን፣ ያለንበትን ቦታ እውነተኛ ግፊት ነው የሚያሳየው። ነገ ለሥራ ደሴ እወጣለሁ፤ ፒያሳ እንገናኝና እናስተካክለው? ከዚያ አብረን በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ።

ናስ_ወዳጅ (ኮምቦልቻ) ሰኞ፣ ማታ 3፡08

በጣም ጥሩ። የስልኩን ቁጥር በ0.75 አባዙ። ዊንቷን በቀስታ ወደዚያ አምጧት፣ በመጣችበት አቅጣጫ። ባዞራችሁ ቁጥር መስታወቱን በጣት ጫፍ ቸብ ቸብ አድርጉት፣ ቀስቱ ይንቀረፈፋል። ከዚያ ሁለተኛ እንዳትነኳት። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሩብ ሰዓት አሳርፉት፤ የቆየ አኔሮይድ እንደ ሽማግሌ ነው፣ ቁልቁለት ሲወርድ ወዲያው አይነቃም።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ወርደን ተመለስን።

ፒያሳ ላይ ስልኩ 756 አለ። በ0.75 ሲባዛ 567። ዊንቷን ከ590 እስከዚያ መለስናት። ሰዓት ሠሪው ራሱ ካቻቢቴውን አዋሰን፤ ስናስረዳው በጣም ነው የሳቀው፣ «እኔም እኮ ደሴ ነው የተወለድኩት» አለ።

ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ሐረጎን ወረድን። ጋሼ እንዳሉት መጀመሪያ አልነቃም። ከዚያ በየጠመዝማዛው ቀስቱ ስትሄድ በዓይን ትታያለች! አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምንድን ነው ልጄ፣ የነዳጅ ነው?» አሉኝ። አይ፣ የአየር ክብደት ነው አልኳቸው። «አየር ደግሞ ይከብዳል?» አሉና እስክንወርድ ድረስ ከዓይናቸው አላወጡትም። ረዳቱም ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ ያይ ነበር።

ኮምቦልቻ 6 ሰዓት ላይ ደረስን። ሩብ ሰዓት አሳረፍነው። ስልኩ 816፣ ማለትም 612። ባሮሜትሩ 611 ተኩል። ደብተሩን ገልጬ አየሁት፤ አያቴ በ4 ሰዓት 612 ተኩል፣ በ10 ሰዓት 610 ተኩል ጽፈዋል። የእኛው መሃል ላይ ገባ።

እርሳስ ነበረኝ። ከእሳቸው መጨረሻ መስመር ሥር ልጽፍ ብዬ አምባሰልዋን አስታወስኩና በሌላ ወረቀት ጻፍኩት።

አምባሰልዋ (ደሴ) ማክሰኞ፣ ማታ 2፡25

አበጀህ! ወረቀቱን ግን ከደብተሩ ጋር አንድ ላይ አስቀምጠው፤ ቀኑንና የስልኩንም ቁጥር ጻፍበት።

ደረሳ (ደሴ) ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31

ኪታቡንም ሐሙስ አምጣው፣ ከሼሁ ጋር ሙሉውን እናነበዋለን። አክስትህንም ይዘሃት ና፣ ዜማውን የምታውቀው እሷ ናት።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

ኢንሻአላህ። አንድ ነገር ግን ጋሼ፦ ለአክስቴ የነገሩኝን ሁሉ ሳስረዳት፣ አየር ሲቀል ውሃስ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችኝ።

ናስ_ወዳጅ (ኮምቦልቻ) ማክሰኞ፣ ማታ 3፡02

ጎበዝ ሴት ናት። ቶሎ ይፈላል፣ ግን በዝቅተኛ ሙቀት ነው። ባሕር ወለል ላይ 100 ዲግሪ፣ እኛ ኮምቦልቻ 94 ገደማ፣ እናንተ ደሴ 92 ገደማ። የድሮ ተጓዦች ባሮሜትራቸው ሲሰበር ውሃ አፍልተው በቴርሞሜትር ለክተው ከፍታ ይገምቱ ነበር።

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ነገርኳት። «አርባ ዓመት ሙሉ ባቄላው አይበስልም ስል ማገዶ ቆጥበሽ ነው እባል ነበር» አለች። አሁን ባሮሜትሩ ማድ ቤት ይሰቀል፣ ማስረጃዬ ነው እያለች ነው።

ናስ_ወዳጅ (ኮምቦልቻ) ማክሰኞ፣ ማታ 3፡12

ሳሎን። ከምድጃው ራቅ አድርገህ።